ክራንቻው ቢቆረጥ እጃችን ይተርፋል ወይ? (ወንድ ማካኮች)

የኬጅ_ቁልፍ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላብራቶሪ ውስጥ የጦጣዎች ተንከባካቢ ነኝ። ስድስት ወንድ ሬሰስ ማካኮች አሉን። አምስቱ ከትንሽነታቸው ጀምሮ እኛው ጋ ያደጉ ናቸው፤ ስድስተኛው፣ እኛ ሻምበል የምንለው፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ሁሉም ስድስትና ሰባት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ክራንቻቸው ወጥቶ አልቋል። ባለፈው ሳምንት ሻምበል የሥራ ባልደረባዬን አውራ ጣቱ ሥር ነከሰው። ልጁ ወፍራም ጓንት አጥልቆ ነበር፤ ጓንቱን እንደ ወረቀት ነው የበሳው። ወዲያው ታጥቦ ሐኪም ዘንድ ሄደ፣ መድኃኒት ጀመረ፣ አሁን ደህና ነው።

ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አለቃችን «የስድስቱንም ክራንቻ እናስቆርጥና እንገላገል» አሉ። የቀረበው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ክራንቻውን ከጎረቤቶቹ ጥርሶች እኩል አድርጎ መቁረጥ፣ ወይ ከነሥሩ መንቀል። ከተንከባካቢዎች በኩል አስተያየት ጻፍ ተብያለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ጣት ካየሁ በኋላ «ይቆረጥ» ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ። የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። ያማል ወይስ አያምም ብቻ አይደለም ጥያቄዬ። በእርግጥ ይጠቅመናል ወይ?

የማታ_ተረኛ፦
ባልደረባህን እግዚአብሔር ይማረው። አንድ ጥያቄ፤ ሲነክሰው ኬጁ ተከፍቶ ነበር ወይስ በፍርግርጉ በኩል ነው?

የኬጅ_ቁልፍ፦
በፍርግርጉ በኩል። የውሃ መጠጫው ጫፍ ሲያንጠባጥብ ሊያጠብቀው እጁን አስገባ።

የማታ_ተረኛ፦
እንግዲያው ከጥርሱ በፊት ያንን የውሃ ጫፍ ከውጭ የሚፈታ አድርጉት። እየቀለድኩ አይደለም። እኛ ጋ ከሦስት ንክሻ ሁለቱ የደረሱት እጅ መግባት በሌለበት ቦታ ገብቶ ነው።

ቬት_በጡረታ፦
ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ የሚያልቅ አይደለም። ጥርሱን ከማወቅ እንነሳ።

ማካክ እንደኛው 32 ጥርስ አለው፤ አደራደሩም እንደኛው ነው። የሚለየው ክራንቻው ላይ ነው። በወንዱ ላይ ክራንቻው አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ብቅ ይልና እየረዘመ ይሄዳል። የላይኛው የኋላ ጠርዝ ስለት አለው፤ አፉን በዘጋ ቁጥር ከታችኛው የመጀመሪያ ግንባር መንጋጋ (ከታችኛው ክራንቻ ቀጥሎ ካለው ጥርስ) ጋር እየተፋተገ ይሳላል። ቢላዋውም ሞረዱም አንድ አፍ ውስጥ ነው ያሉት። ባልደረባህን የበሳው ይኸው ነው።

ከድድ በላይ የምታየው ግን ግማሹ እንኳ አይደለም። የክራንቻ ሥር ከሚታየው ይረዝማል። ስለዚህ «ነቅሎ መጨረስ» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል እንጂ ሥራው ድዱን ከፍቶ፣ አጥንት ፍቆ፣ ሥሩን በብልሃት አላቅቆ ማውጣት ነው። የታችኛው ክራንቻ ሥር የመንጋጭላውን ትልቅ ክፍል ይዞ ስለሚቀመጥ ሲነቀል መንጋጭላው ሊሰበር ይችላል። የላይኛው ደግሞ ከአፍንጫው ቀዳዳ ጋር ጎረቤት ነው፤ በመካከላቸው ያለው አጥንት ከተበሳ ከአፍ ወደ አፍንጫ የሚያሳልፍ ሽንቁር ይቀራል። ለታመመ ጥርስ ይህን ዋጋ እንከፍላለን። ለጤነኛ ጥርስ ግን እኔ አልከፍልም።

መቁረጡም የራሱ ጣጣ አለው፤ እሱን የጥርስ ሐኪም ቢያስረዳ ይሻላል። የማውቀውን ልጨምር። ዱሮ ይህ ነገር እንደ ጥፍር መቁረጥ ይታይ ነበር፤ እኔም ወጣት ሳለሁ ሁለት ጊዜ እጄን አስገብቼበታለሁ፣ አልደብቅም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2006 የጦጣ ክራንቻ መንቀልም ሆነ ማሳጠር ለአያያዝ ምቾት ተብሎ ሲደረግ ተገቢ የእንስሳት ሕክምና ተደርጎ እንደማይቆጠር አስታወቀ። የዚያው አገር የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም ጤነኛ ጥርስ መንካትን ይቃወማል፤ የሚፈቅደው ለሕክምና ሲሆን፣ ወይም የእንስሳት እንክብካቤ ኮሚቴ ላጸደቀው ምርምር ሲያስፈልግ ነው። «ሠራተኛ ተነከሰ» የሚለው ብቻውን እዚያ ውስጥ የለም። ለአለቃህ የምትጽፈው ወረቀት ላይ ይህ ቢገባ አይከፋም።

ጀማሪዋ፦
ዶክተር ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምናልባት የማይረባ ጥያቄ ይሆናል። የተቆረጠው ተመልሶ አያድግም? ጥንቸል ላይ ስንማር በየጊዜው ይከረከማል ተብለን ነበር።

ቬት_በጡረታ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው እንጂ። የጥንቸል ጥርስና የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ የጦጣ አያድግም። አንዴ የቆረጥሽው እስከ መጨረሻው ተቆርጦ ይኖራል። ውስጡ ደግሞ ሕይወት አለው፤ ነርቭና ደም ሥር።

ድሪል_ያዥ፦
እኔ የሰው ጥርስ ሐኪም ነኝ። አንድ የምርምር ተቋም ጠርቶኝ ጥቂት ማካኮች አክሜያለሁ። የመጀመሪያውን በሽተኛዬን እስካሁን አልረሳሁትም።

ያረጀ ወንድ ነው። ከዓይኑ ሥር እብጠት ወጥቶ መግል ይዞ ነበር። ተንከባካቢዎቹ «ቧጭረውት ይሆናል» ብለው ቁስሉን ሁለት ጊዜ አክመውታል፤ ሁለቴም ድኖ ተመለሰ። ወደ እነሱ ከመምጣቱ በፊት ክራንቻው የሆነ ቦታ ተቆርጧል፤ ማን እንደቆረጠው የሚያውቅ የለም። አደንዝዘን ከንፈሩን ገልጬ ሳይ አራቱም ክራንቻ ጠፍጣፋ ናቸው። የላይኛው ግራ ላይ፣ በተቆረጠው ፊት መሃል፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። የመመርመሪያዬን ጫፍ ሳስጠጋት ዘው ብሎ ገባ። ራጅ ሲነሳ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ አጥንቱ ተበልቶ እንደ ጥላ ከቦታል። ጥርሱ ሲቆረጥ ነርቩ ተከፍቶ ቀረ፣ ባክቴሪያ ገባ፣ ነርቩ ሞተ፣ መግሉ መውጫ ሲያጣ ዓይኑ ሥር ፈነዳ። ይህ ሁሉ ሲሆን እንስሳው ምግቡን ይበላ ነበር። ጦጣ ሕመሙን ይደብቃል፤ «ይበላል እኮ» ማለት ምንም ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ «ከሌሎቹ እኩል አድርጎ መቁረጥ» ሲባል ነርቩ አይከፈትም ብላችሁ አታስቡ። በወጣት እንስሳ ነርቩ ሰፊ ነው፣ ወደ ጫፉም ይጠጋል። እስከዚያ ከወረዳችሁ ይከፈታል፤ ነገሩ ያኔ ቆረጣ መሆኑ ቀርቶ የነርቭ ሕክምና ይሆናል። በአግባቡ ሲሠራ እንዲህ ነው። ኬታሚን (በመርፌ የሚሰጠው ማደንዘዣ) ብቻውን አይበቃም፤ መንጋጭላው አይላላም። የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶ በሚተነፈስ ማደንዘዣ፣ በአይሶፍሉሬን፣ ይያዛል፤ በዚያ ላይ ልክ እንደ ሰው የጥርሱ ነርቭ በመርፌ ይደነዝዛል። ጥርሱ ውሃ በሚረጭ ፈጣን ድሪል ይቆረጣል። ከላይ ጥቂት ሚሊሜትር ነርቭ በንጹሕ ቡር (የድሪል ጫፍ) ይወገዳል፣ ደሙ እስኪቆም በንጹሕ ጨው ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ኤም.ቲ.ኤ. የሚባል የነርቭ መሸፈኛ ይደረግበትና በላዩ ሙሌቱ ይታሸጋል። የተረፈው ነርቭ በሕይወት ከቆየ ከመሸፈኛው በታች አዲስ ዴንቲን (የጥርሱን ውስጠኛ ጠንካራ ክፍል) ሠርቶ ራሱን ይዘጋል። መዝጋት አለመዝጋቱ የሚታወቀው ግን ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ በሚነሳ ራጅ ነው። በስድስት እንስሳ አራት አራት ክራንቻ ማለት 24 ጥርስ ነው። ሃያ አራቱንም ተከታትላችሁ ራጅ ታነሳላችሁ? ለእያንዳንዱ ራጅ እንደገና ማደንዘዣ ነው።

ስለ ውሃው አንድ ነገር ልበል፤ የሚገርም ነውና። እኛ ስንማር «የጥርሱ ውስጥ ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከጨመረ ነርቩ አደጋ ላይ ነው» ይሉናል። ቁጥሩ የመጣው ዛክና ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1965 ካሳተሙት ጥናት ነው፤ በዚያ ሙቀት ከመቶ አሥራ አምስት ገደማ ነርቮች ሳያገግሙ ቀሩ። ጥርሶቹ የማን ነበሩ? የሬሰስ ጦጣ። የሰው ጥርስ እንዳይቃጠል ያስተማሩን እነሱ ናቸው፤ የነሱን ጥርስ ያለ ውሃ የሚቆርጥ ሰው ግን አሁንም አይጠፋም።

ጀማሪዋ፦
በመቁረጫ ፒንሳ ጫፉን ብቻ ቆንጠር ማድረግስ?

ድሪል_ያዥ፦
በፍጹም። ጥርስ ሽቦ አይደለም፤ ቁልቁል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከድድ ሥር ከወረደ ጥርሱን ማዳን የለም።

ሦስተኛው_ረድፍ፦
ሁላችሁም ባንድ ወገን ስለቆማችሁ እስቲ ከሌላው ወገን ልናገር። ተመራማሪ ነኝ፤ ወንድና ሴት ማካኮችን በቡድን እናኖራለን። አንድ ትልቅ ወንድ ሙሉ ክራንቻውን ይዞ ሌላውን ሲመታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሥጋው ይተለተላል። ሁለት ሴቶች ሞተውብኛል። አንዱ መፍትሔ ወንዱን ለብቻው ማሰር ነው፤ ብቻውን የታሰረ ጦጣ ደግሞ ፀጉሩን ይነጫል፣ ክንዱን ይነክሳል፣ ያብዳል። ስለዚህ ክራንቻው በትክክል፣ እላይ እንደተጻፈው ከነነርቭ ሕክምናው አጥሮ ከወገኖቹ ጋር የሚኖረውን፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ለብቻው ከታሰረው እመርጣለሁ። «ጤነኛ ጥርስ አይነካም» ብሎ ማለፍ ለሐኪሙ ኅሊና ይቀላል፤ ለእንስሳው ግን ሁልጊዜ አይቀልም።

ቬት_በጡረታ፦
ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ከባድ ነው። ቢሆንም ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ቡድኑ እንዴት ነው የተሠራው? መሸሻ መጋረጃ፣ ሁለት መውጫ፣ ከአንድ በላይ የምግብ ቦታ አለው? ሁለተኛ፣ ያ ወንድ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? ለአንድ እንስሳ፣ በስሙ፣ በታሪኩ ተወስኖ ኮሚቴ ካየው እኔም ልፈርም እችላለሁ። የዚህ ልጅ አለቃ ያሉት ግን ሌላ ነው። አንዱ ነክሶ የስድስቱ ይቆረጥ ነው የሚሉት። የቡድን ቅጣት ነው የሚመስለው።

ሦስተኛው_ረድፍ፦
በጅምላ መቁረጡን እኔም አልደግፍም። መጋረጃ አለን፤ መውጫው ግን አንድ ነው። እሱን አስበንበት አናውቅም ነበር።

ጓንትና_ጭምብል፦
እኔ የምሠራው በሠራተኞች ደህንነት በኩል ነው። እስካሁን ማንም ያላነሳው ነገር አለ፤ የምንፈራው ጥርሱን ነው ወይስ ምራቁን?

ማካኮች ቢ ቫይረስ ይይዛሉ። ለነሱ እንደኛ የከንፈር ቁስል ያለ ቀላል ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ምልክት እንኳ ሳያሳዩ በምራቃቸው ይወጣል። ሰው ላይ ሲገባ ግን አንጎልና አከርካሪ ውስጥ ይገባል፤ ሕክምና ካላገኙት ከአሥር ሰባት ስምንቱን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1932 ብሬብነር የተባለ ወጣት ሐኪም ጦጣ ነክሶት ሞተ፤ ቫይረሱ መጀመሪያ የተገኘው ከሱ ነው፣ «ቢ» የተባለውም በስሙ ነው ይባላል። እሱ በንክሻ። እ.ኤ.አ. በ1997 ግን አሜሪካ ውስጥ አንዲት ወጣት የምርምር ሠራተኛ የሞተችው ከሬሰስ የተረጨ ነገር ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነው። ጥርስ አልነካትም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ቤጂንግ ውስጥ አንድ የእንስሳት ሐኪም የሞቱ ጦጣዎችን አካል ከመረመረ በኋላ በዚሁ ቫይረስ ሞተ። የሞተ ጦጣ ደግሞ አይነክስም።

ክራንቻ ሲያጥር የሚቀንሰው የቁስሉ ጥልቀት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በሰው ጅማትና መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወርድ ጠባብ ቀዳዳ ለማጠብ የሚያስቸግር ነው። ምራቁ ግን ያው ነው፣ የመንጋጭላው ኃይል ያው ነው፣ የፊት ጥርሶቹም እዚያው ናቸው። አጭር ክራንቻ ያለው ማካክ ቆዳ ይጨፈልቃል፣ ይላጫል፣ ይቧጭራል። ከሁሉ የምፈራው ግን ሠራተኛው «ይሄ እኮ ጥርስ የለውም» ብሎ መነጽሩን ሲያወልቅ ነው።

ሌላም አለ። ውሃ የሚረጨው ያ ድሪል የማካክ ምራቅ በጉም መልክ ክፍሉ ውስጥ ይበትናል። እጃችን ይዳን ብለን ወደ ምራቁ ከማንም በላይ የምናስጠጋው የጥርስ ሐኪሙን ነው። ድሪል_ያዥ፣ ምን ለብሰህ ነው የሠራኸው?

ድሪል_ያዥ፦
ሙሉ የፊት መከለያ፣ ከሥሩ የዓይን መነጽር፣ ማስክ፣ ሁለት ጓንት። መጀመሪያ ቀን የፊት መከለያው ጭጋግ ይዞብኝ ላነሳው እጄን ስሰድ እንስሳውን የያዘችው ነርስ እጄን መታችኝ። ልክ ነበረች።

ጓንትና_ጭምብል፦
እሷን የደህንነት ኃላፊ አድርጉልኝ። 😂

የኬጅ_ቁልፍ፣ ባልደረባህ ስንት ደቂቃ ታጠበ?

የኬጅ_ቁልፍ፦
15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ፤ ራሴ ቆሜ ቆጥሬለታለሁ። ሐኪሙ የቫይረሱን መድኃኒት ለ14 ቀን ጀምሮለታል። የሻምበልም ናሙና ተልኳል።

ጓንትና_ጭምብል፦
በጣም ጥሩ አድርጋችኋል። ምልክት ከመጣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 21 ቀን ባለው ውስጥ ነው፤ ትኩሳት፣ ቁስሉ አካባቢ መደንዘዝ ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ካየ ሌሊትም ቢሆን ይሂድ፤ «ማካክ ነክሶኛል» ብሎ ይናገር። ሳይነገረው የሚገምት ሐኪም የለም።

የማታ_ተረኛ፦
እሺ፣ አሁን እኔ የምለውን ስሙኝ፤ ሐኪም አይደለሁም፣ አሥራ አንድ ዓመት ኬጅ አጥቤያለሁ።

እኛ ጋ ጥርስ ተቆርጦ አያውቅም። የተደረገው ማሰልጠን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተማሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዱላው ጫፍ ላይ ያለችውን ቀይ ኳስ ሲነኩ ድምፅ ይሰማሉ፣ ቁራሽ ፍሬ ያገኛሉ። ከዚያ ኳሷን ይከተላሉ። ከዚያ ወደ ፍርግርጉ ጎናቸውን ያስጠጋሉ። ከዚያ ጭን። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ጭናቸውን ሲነካ ዝም ማለት፣ ከዚያ ያልሾለ ነገር ሲጫናቸው፣ ከዚያ መርፌው። አንዱ በሦስት ሳምንት ተማረ፣ አንዱ አራት ወር ፈጀ፣ አንዱ እስካሁን አልተማረም፤ ለሱ ግድግዳው ከኋላ ወደ ፊት በሚገፋው ኬጅ እንጠቀማለን። ጦጣ በእጅ የሚያዝበት ቀን ቀረ ማለት ነው። ጭኑን በፈቃዱ የሚሰጥህ እንስሳ አፉ ከእጅህ የት እንዳለ አስብ። በሌላኛው ጫፍ ነው!

ያ ከሌላ ቦታ የመጣው ላይ ደግሞ አትፍረድበት። እዚያ በምን እየያዙት እንዳደገ አታውቅም። ጓንት ያየ ጊዜ ምን ያደርጋል?

የኬጅ_ቁልፍ፦
ጥርሱን ያሳያል፣ ወደ ኋላው ጥግ ይሄዳል። ባዶ እጅ ሲያይ ግን እንደዚያ አይሆንም። አሁን ስትጠይቀኝ ነው ያስተዋልኩት።

የማታ_ተረኛ፦
በል እንግዲህ። በጓንት ተይዞ ያደገ ነው። ወፍራሙን ጓንት ከዓይኑ አርቅ።

ቬት_በጡረታ፦
አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ። የዓመቱን ምርመራ ስታደርጉ ተደንዝዘው ሳሉ የስድስቱንም አፍ በደንብ እዩ። ድንገት ጠባዩ የተለወጠ እንስሳ አንዳንዴ ጥርሱን አሞት ነው። የመተንፈሻ ቱቦ ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ ጉንጩን ባዶ አድርጉ። ማካክ ምግብ በጉንጩ ኪስ ይደብቃል፤ ከሌሊቱ ጀምሮ ምግብ ተከልክሏል ብላችሁ አትመኑት። አንድ ጊዜ ከአንዱ ጉንጭ ግማሽ እፍኝ አውጥቻለሁ።

የኬጅ_ቁልፍ፦
ከሦስት ወር በኋላ ተመለስኩ፤ ብዙዎቻችሁ በውስጥ ስለጠየቃችሁኝ።

ባልደረባዬ ድኗል፣ ምርመራውም ንጹሕ ነው። አስተያየቱን ጻፍኩ፤ የጋሼን የ2006 ነገርና የድሪል_ያዥን የ24 ጥርስ ሒሳብ ሁለቱንም አስገባሁ። አለቃችን 24ቱን ራጅ ሲያዩ ወረቀቱን ዝም ብለው አጥፈው አስቀመጡት። ኮሚቴው በጅምላ አይቆረጥም አለ። የውሃው ጫፍ አሁን ከውጭ ነው የሚፈታው።

አፋቸውን አየን። አምስቱ ጤነኛ ናቸው። የሻምበል የታችኛው ቀኝ ክራንቻ ግን ጫፉ ተሰብሯል፤ መሃሉ ላይ ያች ጥቁር ነጥብ አለች። መቼ እንደተሰበረ አናውቅም፤ ፍርግርጉን ሲነክስ ይመስለኛል። ራጁ ላይ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያ ጥላ ታይቷል። ነርቩ ስለሞተ ሙሉ ሩት ካናል (የሞተውን ነርቭ እስከ ሥሩ ጫፍ አውጥቶ መሙላት) ተሠራለት፤ የተሰበረውም ተስተካክሎ ታሸገ። ከጉንጩ ሁለት እንክብል ምግብ ወጣ፣ ጋሼ እንዳሉት።

የነከሰው ስላመመው ነው ልል አልችልም። ወፍራም ጓንት ሲያይ አሁንም ጥርሱን ያሳያል። ኳሷን ግን ይከተላል፣ ጎኑንም ያስጠጋል። ጭኑን ገና አልሰጠም። ከአምስቱ ሦስቱ ሰጥተዋል።

ድሪል_ያዥ፦
ደስ ይላል። የስድስት ወሩን ራጅ እንዳትረሳ።

የኬጅ_ቁልፍ፦
ቀኑን ጽፌ ኬጁ ላይ ለጥፌው ነበር። ስቦ በላው። አሁን ግድግዳው ላይ ነው፣ ከክንዱ ርቆ።